«ኦፓል» የሚለው ስም፤ ስለ ከበሩ ድንጋዮች ስያሜና ስለ ዋግ ደጋ የቀረበ ትችት

በአገራችን ስለሚገኘው፣ ኦፓል ስለ ተባለው የከበረ ድንጋይ የሚጻፈው ነገር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እየበዛ ሄዷል። ከዚሁ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ድንጋዩ አፈጣጠር የሚናገረው ክፍል በሥነ ምድር ሊቃውንት ተመርምሮ የቀረበ ስለ ሆነ የሚያስመሰግን ነው። ስለ ስሙ የሚናገረው ክፍል ግን በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ወሬ ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፣ ትርጓሜውም «የቀለምን መለዋወጥ ማየት» ነው የሚለው አነጋገር አንዱ ከሌላው እየቀዳው ይኸው እስከ ዛሬ ይደገማል። ከዚህ ጐን ለጐን ደግሞ፣ ድንጋዩ የእኛ ከሆነ ስሙም ከጥንት ጀምሮ የእኛ ሳይሆን አይቀርም፤ በአማርኛ ቢታጣ እንኳ በአገው ቋንቋ፣ በተለይም በሰቆጣና በዋግ ኽምራ፣ ተደብቆ ይገኝ ይሆናል የሚል ተስፋ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱንም አሳቦች መመርመር ነው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

ሰዎች ለምን ወደ ሰቆጣ እንደሚመለከቱ ለመረዳት የድንጋዩን የንግድ ስም ማየት ይበቃል። በዓለም ገበያ ይህ ድንጋይ «የወሎ ኦፓል» ይባላል። የተገኘው በ2008 በደላንታ ወረዳ፣ ከወገል ጤና አጠገብ ባለው ገደል ነው፤ ከተቈፈረባቸው ሥፍራዎች አንዱም ፀሐይ መውጫ ይባላል። ነጋዴዎች ደላንታ ከማለት ይልቅ ሰፊውንና የታወቀውን የወሎን ስም መረጡ። በቀድሞው የጠቅላይ ግዛት አከፋፈል ግን ዋግ ከዋና ከተማው ከሰቆጣ ጋር ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበረ። ስለዚህ የንግዱን ስም ይዞ አሮጌ ካርታ የሚዘረጋ ሰው ሰቆጣን በዚያው ወሰን ውስጥ ያገኛታል፤ በዚያም ከሴም ቋንቋዎች የቀደመ የአገው ቋንቋ እንደሚነገር ባስታወሰ ጊዜ፣ የጥንቱን ስም ያገኘ ያህል ልቡ ይሞቃል። የነጋዴ ምልክት እንደ ብሔረሰብ ካርታ ተነበበ ማለት ነው።

ስለ ድንጋዩ ራሱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ይህ ሳይታወቅ ስለ ስሙ መከራከር አይቻልምና። የሰሜን ምዕራቡ ደጋ፣ ደላንታና ላስታ ዋግም ጭምር፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነባበረ አገር ነው። በወገል ጤና በኩል ይህ ንብርብር ከ3000 ሜትር በላይ ይወፍራል፤ ኦፓሉ የሚገኘው ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ከ1 ሜትር በማይበልጥ አንድ ስስ ድርብ ውስጥ እንደ ሆነ ሮንዶና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጥናት አስረድተዋል። እንግዲህ ደጋው አንድ ስለ ሆነ ብቻ ድንጋዩም በሁሉ ዘንድ አለ ማለት አይቻልም። የደላንታ ገበሬ ራሱ በዚያ ገደል ጫፍ ላይ ሲያርስና ከብት ሲያግድ በኖረበት ዘመን ሁሉ ድርቡ ከእግሩ በታች በጠባብ መስመር ተሰውሮ ነበር።

የቀለሙንም ነገር በ1964 ሳንደርስ የተባለው የአውስትራልያ ሊቅ ገልጦታል። ኦፓል ውሃ ያዘለ ሲሊካ ነው፤ ውስጡ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ፣ መጠናቸው በተስተካከለ ክብ እንክብሎች ተደርድሮ የተሞላ ሲሆን፣ ብርሃን በነዚህ መካከል ሲያልፍ ይበታተንና ኅብረ ቀለም ያወጣል። ቀይና አረንጓዴ የሚመስለው ነገር በድንጋዩ ውስጥ የተቀባ ቀለም አይደለም፤ ድንጋዩን በጣት ባዞሩት ቍጥር ቀዩ አረንጓዴ ይሆናል። ብዙው የደላንታ ኦፓል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ኅብሩ ይጠፋና ድንጋዩ እንደ መስተዋት ጥርት ይላል፤ ሲደርቅ ኅብሩ ይመለሳል።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ዘመን በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ በሠላሳ ሰባተኛው ክፍል ይህን ድንጋይ «ኦፓሉስ» ይለዋል፤ የግሪኩም መልክ «ኦፓሊዮስ» ነው። «ኦፕስ» ዐይን፣ «አሎስ» ሌላ፤ ስለዚህ «ኦፓሊዮስ» ሌላ ሌላ ሆኖ ለዐይን የሚታይ ማለት ነው የሚለው ፍቺ ከድንጋዩ ጠባይ ጋር እጅግ ይስማማል። ጥርጣሬንም መቀስቀስ የሚገባው ይኸው መስማማቱ ነው። ምክንያቱም በግሪክ ቋንቋ ቃሉ የሚታወቀው የድንጋይ ስም ሆኖ ብቻ ሲሆን፣ ማየትንና መለወጥን የሚያመለክት ግሥ ወይም ዘመድ ቃል የለውም። ባዕድ ቃል ሲመጣ ባለቋንቋው በገዛ ቃላቱ ሊፈታው ይሞክራል፤ የተፈታው ፍቺ እንጂ የቃሉ ምንጭ ግን አይደለም። አብዛኞቹ ሊቃውንት የሚቀበሉት ምንጭ የሕንዱ ሳንስክሪት «ኡፐላ» የሚለው ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ድንጋይ፣ በተለይም የከበረ ድንጋይ ማለት ነው። ያ ሁሉ የተደነቀለት ስም በመጀመሪያ ቤቱ «ድንጋይ» ከማለት የዘለለ ነገር አልነበረውም።

ፕሊኒ የድንጋዩ እናት አገር ሕንድ ናት ብሏል። ከዚህ ላይ አንድ ሌላ ፈተና ይነሣል። የጥንት ጸሐፊዎች ሕንድንና ኢትዮጵያን ብዙ ጊዜ ያደባልቃሉ፤ ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ማለት ስለ ፍሬምናጦስ፣ የጻፈው ሩፊኖስ እንኳ ታሪኩን በሕንድ እንደ ተፈጸመ አድርጎ ተርኮታል። ታዲያ የፕሊኒ ሕንድ የእኛው ደጋ ነው፣ የሮም መኳንንት የሚያጌጡበትም ኦፓል ከወሎ የሄደ ነው ቢባል ምን ይከለክላል? የሚከለክለው ማስረጃ ማጣት ነው። የስም መደባለቅ ከድንጋይ መገኘት ጋር አንድ አይደለም። ሩፊኖስ ስለ አክሱም ሲናገር ከሌላ ምንጭ፣ ከራሱ ከአክሱም ጽሑፎችና ከአትናቴዎስ፣ እውነቱን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ለፕሊኒ ኦፓል እንዲህ ያለ ሁለተኛ ምስክር የለም። በኬንያ ዋሻ ሉዊስ ሊኪ አገኛቸው ስለሚባሉትና ከኢትዮጵያ ሳይሄዱ አይቀሩም ስለሚባሉት የኦፓል ቅርሶችም ልንል የምንችለው ይኸንኑ ነው። ድንጋዩ ጥንታዊ ቢሆንም ቃሉ ጥንታዊ ሊሆን አይገደድም። ድንጋይና ስሙ በአንድ ቀን አይወለዱም።

ቃሉ ወደ እኛ በየትኛው በር ገባ? የከበሩ ድንጋዮች ስሞች ወደ ግዕዝ የገቡት ከሞላ ጐደል በአንድ በር ነው፤ ይኸውም የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 በአሮን የደረት ልብስ ላይ የተሰኩት ዐሥራ ሁለቱ ድንጋዮች፣ በራእይም ምዕራፍ 21 የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም መሠረቶች፣ ለግዕዝ የዕንቍ መዝገቡ ናቸው። ሰርድዮን፣ ቶጳዝዮን፣ ሰንፔር፣ መረግድ፣ ኢያስጲድ፣ ያክንት፣ አሜቴስጢኖስ ሁሉም የግሪክ ልብስ ለብሰው ይታያሉ። ትርጕሙም ሁልጊዜ አንድ ወጥ አልሆነም፤ በዘፀአት ቶጳዝዮን የተባለው በራእይ አማርኛ ወራውሬ ተብሏል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ግን ኦፓል የለም፤ በግሪኩ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቃሉ ስላልነበረ ተርጓሚው ሊያመጣው አልቻለም። ከሦስተኛው ተራ መጀመሪያ ያለውን፣ በዕብራይስጥ «ለሼም» የተባለውን ድንጋይ አንዳንድ የአውሮፓ ተርጓሚዎች ኦፓል ብለውታል። እኛ ዘንድ በዚያ ቦታ ያለው ያክንት ነው፤ ለዚህም የእኛ ተርጓሚዎች ሊነቀፉ አይገባም። «ለሼም» ምን ዓይነት ድንጋይ እንደ ነበረ በእርግጥ የሚናገር የለምና።

ፊደሉ ራሱ የሚመሰክረው ነገር አለ። ከግሪክ በግዕዝ በኩል የመጡት ስሞች ብዙውን ጊዜ በጳ ይጻፋሉ፤ ቶጳዝዮን፣ ኢያስጲድ እንዲሁ ናቸው። ኦፓል ግን በፓ ይጻፋል፤ ፖስታንና ፓስፖርትን በመሰሉት በአዲሶቹ ቃላት ወገን ነው። ሰንፔር በፔ መጻፉ ይህን ደንብ ስለሚያናጋው ፊደሉን ረዳት ምስክር እንጂ ዳኛ አላደርገውም። ነገር ግን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ዝምታ ጋር ሲደመር ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ኦፓል በካህናቱ በር አልገባም። ከዘመናዊ ትምህርትና ከንግድ ጋር የመጣ፣ በ1994 በሰሜን ሸዋ የመዘዞ ድንጋይ በዓለም ዕንቍ ዐዋቂዎች ዘንድ ሲታወቅ የተጠናከረ፣ ከ2008 ወዲህም በደላንታ ገበሬ አፍ የተለመደ ቃል ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትና የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ከመዘዞም ከደላንታም ግኝት በፊት የታተሙ ስለ ሆኑ፣ የአገር ኦፓል ስም ከነርሱ ይፈለግ ማለት ከሙሽራዋ በፊት የሠርጉን ዘፈን መጠየቅ ነው።

ለመሆኑ ከውጭ ያልተቀበልነው፣ የገዛ ራሳችን የዕንቍ ቃል እንዴት ተወለደ? ከሁሉ የሚቀድመው ዕንቍ ራሱ ነው። በዕብራይስጥ «ዐናቅ» የአንገት ጌጥ ነው፤ በዐረብ «ዑኑቅ» አንገት ነው፤ የግዕዙ ዕንቍ ከነዚሁ ጋር ይዛመዳል። ማዕነቅ የምንላት ርግብም ስሟን ያገኘችው በአንገቷ ካለው ቀለበት ሳይሆን አይቀርም። (አማርኛው አነቀ ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ ከግዕዙ ኀነቀ የመጣ ነው፤ አ፣ ዐና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለ ሆኑ ብቻ ይመሳሰላሉ።) እንግዲህ የእኛ ቃል የድንጋዩን ዓይነት አይናገርም፤ የተንጠለጠለበትን ሥፍራ ይናገራል። ዕንቍ ማለት በጥንት መሠረቱ «በአንገት የሚታሰር» ነው። ስለዚህም ነው አንድ ቃል ለከበረ ድንጋይም፣ ከባሕር ለሚወጣውም ሉል የሚበቃው።

ባሕርይ የሚለው ቃል መንገድ ከዚህም ይልቅ ያስደንቃል። በግዕዝ ባሕርይ ከባሕር የወጣ፣ ማለት ሉል ነው፤ በክብረ ነገሥት ከአዳም ጀምሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፎ ስለ መጣው ዕንቍ በሚናገረው ክፍል ቃሉ በዚህ ትርጓሜ ይገኛል። በነገረ መለኮት ደግሞ ያው ባሕርይ የአንድን ነገር ተፈጥሮ ያመለክታል፤ ስንት ጉባኤ የተሟገተበትም በዚህ ትርጓሜው ነው። ሁለቱ እንዴት ተገናኙ? በዐረብኛ «ጀውሀር» ዕንቍም፣ የነገር ህላዌም ነው፤ የእኛም ሊቃውንት ከዐረብ መጻሕፍትን ሲተረጕሙ የዕንቍን ስም ለህላዌ ሰጡት ቢባል ሁለቱን ትርጓሜዎች በአንድ ያስታርቃል። የዕንቍ ስም የፍልስፍና ስም ሆነ፤ ዛሬ «ባሕርየ ሰናይ» ስንል የባሕሩን ሉል ማን ያስታውሳል?

በዚህ ላይ ሕዝቡ ራሱ የሚተርከውን የቃል ፍቺ መተው አይገባም። እንቍጣጣሽ የሚባለው የዘመን መለወጫ ስም ንግሥተ ሳባ ከኢየሩሳሌም ስትመለስ መኳንንቱ «ዕንቍ ለጣትሽ» ብለው ከሰጧት ስጦታ እንደ መጣ ይነገራል። ተረቱ የተወደደ ነው፤ እኔም በልጅነቴ አምኜው ነበር። ለብሔረሰብ ጥናት ሁለት ነገር ያስተምራል። ዕንቍ በሕዝቡ አእምሮ ከንግሥትና ከክብር ጋር ምን ያህል እንደ ተቈራኘ ያሳያል፤ የቃሉን ምንጭ ግን አያሳይም፤ ልክ «ኦፓሊዮስ» ሲፈታ የግሪኩ ሰው እንዳደረገው ነው። ግሪኩ ሲያደርገው «ሥርወ ቃል»፣ ወሎየው ሲያደርገው «ተረት» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥቅም ያለው ምሳሌ የብርሌ ታሪክ ነው። በዐሥራ ሁለቱ ድንጋዮች መካከል ቢረሌ የሚባል አለ። ይህ ከግሪኩ «ቤሪሎስ» የመጣ ነው፤ የግሪኩም ምንጭ እንደ ኦፓል ሁሉ ሕንድ ነው። ድንጋዩ ጥርት ያለ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ስሙ ወደ ጠራ መስተዋት ተሻገረ፤ በመጨረሻም አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ ክብ የሆነች የጠጅ መጠጫ ብርሌ ተባለች። በጀርመን አገር ያው ቃል «ብሪለ» ሆኖ የዐይን መነጽር ስም ነው። ከሊቀ ካህናቱ ደረት እስከ ጠጅ ቤት ያለውን መንገድ ቃሉ በእግሩ ሄደ፤ ማንም ኮሚቴ ተሰብስቦ አልወሰነለትም። ዛሬ ከጠጪዎቹ መካከል የአሮንን ልብስ የሚያስታውስ የለም፤ ቃሉ ባዕድ መስሎ የሚታየውም የለም። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረት አማርኛ አይደለም የሚል ይኖራልን? እግረ መንገዴን ለመጥቀስ ያህል፣ ተረቱ ለመዘዞ ኦፓልም ሠርቷል። የመዘዞው ድንጋይ ብዙው ከወጣ በኋላ እየነቃ ገዢውን ስላሳዘነ፣ የኢትዮጵያ ኦፓል በዓለም ገበያ ለብዙ ዓመት በጥርጣሬ ሲታይ ቈይቶ ነበር፤ ያን ስም ያደሰው የደላንታው ግኝት ነው። «ወሎ» የሚለው የንግድ ስም እንዲያ የተያዘበት አንዱ ምክንያትም ከመዘዞ ለመለየት ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ በደጋው አገር ድንጋይ እንዴት እንደሚሰየም እንመልከት። እህል የሚፈጭበት ወፍጮ፣ በእጅ የሚያዘው መጅ፣ ድስት የሚሸከመው ጕልቻ፣ ቍርበት የሚፋቅበት ባልጩት፣ በእርሻ ዳር የሚቈለለው ካብ፤ እያንዳንዱ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ሥራ የሌለው ድንጋይ ስሙን ከመጠኑና ከአቀማመጡ ያገኛል፤ ጠጠር፣ ኰረት፣ ቋጥኝ፣ አለት ይባላል። ቀለሙ ስም ሲሆን ብዙም አይታይም። ባልጩት ጥቍር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጅግ ያማረ ድንጋይ ነው፤ ስሙ ግን በውበቱ አልከበረም፤ የከበረው በስለቱ ነው። ግዕዙ እብን እንኳ በአማርኛ ለድንጋይ ቦታውን ለቅቆ፣ እብነ በረድ በሚለው ውስጥ ብቻ ተጠግቶ ይኖራል።

ዋግም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለችም። ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይባላል፤ ውቅር ማለት የተወቀረ፣ የተጠረበ ማለት ነው። ስሙ የድንጋዩን ዓይነት አይነግረንም፤ የሰውን እጅ ሥራ ይነግረናል። ሰቆጣ ራሷ በጥንት ዘመን የታወቀችው በአንድ «ድንጋይ» ነው፤ ይኸውም ከአፋር ቆላ በአርሆ ተጭኖ ይመጣ የነበረው አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ሲመረመር መጠኑ ይለካል፣ ጠርዙ ይታያል፣ እንዳይረጥብም ይጠበቃል፤ እርጥበት የበላው አሞሌ ከዋጋው ይጐድላልና። የኦፓል ገዢም ዛሬ ከዚህ ብዙ የማይርቅ ምርመራ ያደርጋል፤ ውሃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም ብሎ ድንጋዩን በምላሱ ጫፍ ይነካዋል፤ ውሃ የሚጠጣው ምላስ ላይ ይጣበቃልና። የሰቆጣ የጨው ነጋዴ ቢያየው ኖሮ ይህን ሥራ ለማስተማር ጊዜ ባልፈጀም ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ለጽሑፌ ዋነኛው ነው። ኦፓል በደጋው አገር እስከ 2008 ድረስ ሥራ አልነበረውም። አይፈጭም፤ ቍርበት አይፍቅም፤ በአንገት ታስሮም አልኖረም። እሳት የሚጭርም፣ ግብር የሚከፈልበትም አልነበረም። ስለዚህ ልዩ ስም አለማግኘቱ የሕዝቡን አለማወቅ አያሳይም፤ ቋንቋው ድንጋይን በሚሰይምበት ሕግ መሠረት ስም ሊያገኝ አልተገባውም ነበር። አንድ እረኛ ከገደል ሥር የሚያብረቀርቅ ስባሪ አንሥቶ ቢጥለው «ድንጋይ» ብሎ ጣለው ማለት ነው። ሳንስክሪቱም «ኡፐላ» ሲል የሚለው ይኸንኑ ነበር። ልዩነቱ ሕንዱ «ድንጋይ» ያለውን ሮማዊው ገዝቶ ስሙን እንደ ጌጥ ማንጠልጠሉ ነው።

ወደ አገው ቋንቋ ስንሻገር ጥንቃቄው ይበልጣል። ለዋግ ቋንቋ፣ ለኽምጣኛ፣ ያሉን ቀደምት ሥራዎች ራይኒሽ በ1884 በቪየና ያሳተመው የኻሚር ቋንቋ መጽሐፍና ኮንቲ ሮሲኒ በ1904 ስለ አበርገሌ ኻምታ የጻፈው ማስታወሻ ናቸው፤ በዘመናችን ደግሞ ኤፕልያርድ በ1987 የኽምጣኛን ሰዋስው በአጭሩ ጽፏል፤ በ2006ም አራቱን የአገው ቅርንጫፎች፣ ብሌንን፣ ኽምጣኛን፣ ቅማንትኛንና አውኛን የሚያነጻጽር መዝገበ ቃላት አውጥቷል። አንድ ቃል «የጥንት አገው» ነው ለማለት የሚቻለው ቢያንስ እርስ በርሳቸው በማይዋሰኑ ሁለት ቅርንጫፎች፣ በድምፅ ለውጥ ሕግ ተስማምቶ ሲገኝ ነው። ብሌን በከረን፣ አውኛ በአገው ምድር ስለ ሆኑ ከሁለቱ የተገኘ ቃል ክብደት አለው። በሰቆጣ ብቻ የተሰማ ቃል ግን፣ ኽምጣኛ ተናጋሪው አማርኛም ትግርኛም ስለሚያውቅ፣ ከጎረቤቱ የተዋሰው ሊሆን ይችላል፤ የገበያ ዕቃ ስም ከሆነ ደግሞ ይህ ግምት ይበረታል። የጨው፣ የዶቃና የጨሌ ስሞች ከነጋዴው ጋር አብረው እንደሚሄዱ ማንም ያውቃል።

የማስጠነቅቀው በተለይ የአጠያየቁን ነገር ነው። አንድ ተማሪ የተዘጋጀ ዝርዝር ይዞ ሰቆጣ ይገባል እንበል። ከዝርዝሩ «ኦፓል» ወደሚለው ሲደርስ፣ ከኪሱ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አውጥቶ «ይህን በቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ አንድ ሽማግሌን ይጠይቃል። እንግዳ ሲጠይቅ «አላውቅም» ብሎ መመለስ በእኛ አገር ነውር ይመስላል፤ ሽማግሌውም ለአክብሮት ሲሉ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያበራ፣ ወይም የሰማይ ቀስት የመሰለ ብለው ድንጋዩን ይገልጡለታል። ተማሪው መግለጫውን ስም አድርጎ ይጽፈዋል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ያ ቃል በሌላ ጽሑፍ ውስጥ «የዋግ አገው ለኦፓል ያላቸው ጥንታዊ ስም» ሆኖ ይወጣል። ጠያቂው ጥያቄውን ይዞ ባይመጣ ኖሮ ቃሉ ባልተወለደ ነበር። ይህ በአንድ ተማሪ ስንፍና የሚመጣ ስሕተት አይደለም፤ ሁሉም ነገር በሁሉም ቋንቋ ስም አለው ከሚለው ከዝርዝሩ አሳብ የሚመነጭ ነው።

ታዲያ ለኦፓል የአማርኛ ስም ይፈጠርለትን? «የቀስተ ደመና ዕንቍ» ወይም «ኅብረ ዕንቍ» ቢባል ያምራል የሚሉ አሉ። እኔ አልቃወማቸውም፤ ለቅኔ ይጠቅማቸዋል። ለሳይንስና ለገበያ ግን ኦፓል ይበቃል። ቢረሌን ብርሌ ያደረገ ቋንቋ ኦፓልንም በጊዜው የራሱ ያደርገዋል። ከደላንታ የሚወጣው ጥሬ ድንጋይ ብዙው የሚጠረበው በሕንድ፣ በጃይፑር ከተማ መሆኑም ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ ስሙ ከሕንድ በሮም በኩል ወደ እኛ መጣ፣ ድንጋዩ ከእኛ ወደ ሕንድ ይሄዳል። በዚህ ንግድ ላይ ልንቈጭበት የሚገባው ስም የውጭ መሆኑ አይደለም፤ የጠራቢው ዋጋ በውጭ መቅረቱ ነው። በጢስ እያጠቈሩ ወይም ቀለም እያጠጡ ውሃ የሚጠጣውን ድንጋይ መልኩን ለውጠው ሌላ ስም እየሰጡ የሚሸጡም አሉ፤ «የወሎ ኦፓል» የሚለውን ስም ከዚህ መጠበቅ አዲስ ስም ከመፍጠር ይልቅ የሚያስቸኵል ጉዳይ ነው።

ለብሔረሰብ ጥናት የሚበጀው እውነተኛ መስክ ያለው ወደ ኋላ ሳይሆን አሁን በዐይናችን ፊት ነው። በደላንታ ቈፋሪው ድንጋዩን የሚለይበት፣ መልካሙን ከእብቁ የሚያበጥርበት፣ የነቃውን የሚጠራበት፣ ከገደል ወርዶ ከደላላ ጋር የሚከራከርበት የሥራ ቋንቋ ከ2008 ወዲህ እየተወለደ ነው። ቃላት ሲወለዱ ለማየት የታደለ ተመራማሪ ጥቂት ነው፤ እኛ ግን የተወለደውን ትተን ያልተወለደውን በሰቆጣ እንፈልጋለን። ወደ ሰቆጣ የሚወርድ ተማሪ ካለ በእውነት ሊጠይቀው የሚችለው ጥያቄ አለ። በኽምጣኛ የወፍጮ፣ የመጅ፣ የጕልቻና የባልጩት ስሞች ምንድን ናቸው? ከየትኛው ግሥ ይወጣሉ? አሞሌ ሲመዘንና ሲመረመር ይነገሩ የነበሩት ቃላት የትኞቹ በሽማግሎች ዘንድ ቀርተዋል? በዚያ አገር አንገት ላይ የሚታሰረው ጌጥ ስሙን ከአንገት ያገኛል ወይስ ከዕቃው? ኦፓሉን ከኪሱ ያውጣው ከተባለ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ያውጣው፤ ስሙን አይጠይቅ፣ ድንጋዩን ለሽማግሌው ሰጥቶ ዝም ይበል፤ ሽማግሌውም ድንጋዩን ሲያገላብጡ በመጀመሪያ የተናገሩትን ግሥ፣ ቀኑን፣ ሥፍራውን፣ ከዚያ በፊት ድንጋዩን በገበያ አይተው እንደ ሆነና የት እንዳዩት ይጻፍ።